ስም ያልተጻፈባቸው ተራሮች

ባሕር ዳር ጂኦግራፊ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ጨጓራዬን የላጠው የተማሪ ብዛትም የጠመኔ እጥረትም አልነበረም። ሩዌንዞሪ የሚባል ተራራ ነው። ያኔም አላየሁትም፤ እስከ ዛሬም አላየሁትም። በኡጋንዳና ያን ጊዜ ዛየር ይባል በነበረው አገር ድንበር ላይ፣ ከምድር ወገብ አጠገብ የተዘረጋ የተራራ ሰንሰለት ነው። ሐሩር ምድር መካከል ቆሞ ጫፉ ላይ በረዶ አይጠፋም፤ ከጭጋጉ ብዛት የተነሳ ደግሞ በግርጌው ካለፉት ፈረንጆች ብዙዎቹ ሳያዩት አልፈዋል። እኔ ግን ከዚያ ሁሉ ርቀት፣ ጣና ዳር ተቀምጬ፣ በየዓመቱ አንድ ምዕራፍ ሙሉ እንዳስተምረው ታዝዤ ነበር።

ጎጃምን ወንዝ በወንዝ ያደረጋት የኛው ተራራ ጮቄ ግን በዚያው የመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ከሰባታሚት፣ አንዳንዶቹም ከጢስ ዓባይ እየመጡ ከተማ ዘመድ ቤት የሚያድሩ ተማሪዎች ነበሩኝ፤ ስለ ጮቄ ሲጠይቁኝ የምመልሰው አጣለሁ። ስለ ሩዌንዞሪ ከጠየቁኝ ግን የስድስቱን ተራሮች ስም እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ እደግመዋለሁ። ስድስቱም የፈረንጅ ስም ነው። ይህን ለክፍል ኃላፊያችን አንድ ሁለት ጊዜ አንስቼላቸው ነበር። «በመጽሐፉ ያለውን አስተምሪ» አሉኝ። መጽሐፉን የጻፈውን ሰው ባገኘው ምን እንደምለው አስቀድሜ አዘጋጅቼ ነበር።

የምኖረው ፔዳ አካባቢ በተከራየሁት ሁለት ክፍል ቤት ከአባቴ ጋር ነበር። አባቴ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ዕድሜያቸውን የፈጁት ለጣና ገዳማትና በዙሪያው ላሉ ባለመሬቶች በብራና ላይ የጸሎት መጻሕፍት ሲጽፉ ነው። አብዮቱ መጣ፣ መሬት ለአራሹ ታወጀ፣ መጽሐፍ ያስጽፍ የነበረው ሁሉ የሚያስጽፍበትን አጣ። እናቴ ስታርፍ አባቴን ወደ ከተማ አመጣኋቸው። መጡ፤ ግን ብዕራቸውንና የቀለም ቀንዶቻቸውን በጨርቅ ጠቅልለው አልጋ ሥር ከተቱና ያንን ጥቅል ሁለት ዓመት አልፈቱትም። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው ይመለሳሉ፣ በሩ ላይ በርጩማ አውጥተው ይቀመጣሉ፣ በቃ። ሰባ ዓመት ያልሞላቸው ሰው ዓይኔ እያየ ግድግዳ ሆኑብኝ። «ምነው አባባ፣ ትንሽ እንኳ ቢጽፉ» ስላቸው መልሳቸው አንድ ነው።

«አስጻፊ ሲመጣ እጽፋለሁ።»

አስጻፊ አልመጣም። ያን ጊዜ ከእግዚአብሔር የምለምነው አንድ ነገር ቢኖር አባቴን ብዕር ይዘው ማየት ነበር። የደመወዝ ጭማሪ እንኳ እንደዚያ አልለመንኩም።

እንዲህ ሆነን ሳለ ለሠራተኞች ቀን በዓል እያንዳንዱ የትምህርት ክፍል ኤግዚቢሽን እንዲያዘጋጅ መመሪያ ወረደ። ክፍል ኃላፊያችን አስበው አስበው የመረጡት ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ሩዌንዞሪን። «የአፍሪካ ጭቁን ሕዝቦች ተራራ» አሉት። ጮቄን እንሥራ ብዬ ተከራከርኩ፤ የጮቄን ከፍታ የሚያሳይ ካርታ አምጪ አሉኝ። ካርታው በትምህርት ቤቱም በከተማውም አልነበረም። የማናውቀው ተራራ ካርታ ሞልቷል፣ የምናውቀው ተራራ ካርታ የለውም። ደሜ ፈላ፤ ግን ሥራው ሥራ ነውና ጀመርኩ።

በአንድ ሰፊ ኮምፔንሳቶ ላይ የተራራውን ቅርጽ ከአሮጌ ጋዜጣና ከዱቄት ሙጫ አቡክተን ማቆም ነበረብን። ጋዜጣውን ከመዘፍዘፋችን በፊት ግን ተማሪዎቼን በመቀስ አሰልፌ በየገጹ ያለውን የመሪውን ፎቶግራፍ እያስቆረጥኩ ለብቻ አስቀመጥኩ። አንድ ሰው መጥቶ የመሪው ፊት በሙጫ ሲቦካ ቢያይ ማን ያድነኛል? ሁለት ቀን ሙሉ ፊት ስንቆርጥ ዋልን። ለበረዶው ጥጥ አመጡ፤ አባቱ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከሚሠራ ልጅ የተገኘ ንጹሕ ጥጥ። ተማሪዎቹ በረዶ ሲባል የሚያውቁት ከሰማይ ወርዶ ማሽላ የሚደበድበውን ነውና፣ ተራራ ላይ ተኝቶ የሚከርመውን በረዶ ለማስረዳት ሌላ አንድ ቀን ሄደብኝ።

ተራሮቹ ደርቀው ቀለም ከተቀቡ በኋላ የቀረው ስማቸው ነበር። የኔ እጅ ጽሑፍ ዶሮ የጫረው ነው። ያን ጊዜ ነው አባቴ ትዝ ያሉኝ። ሐሳቡ ሲመጣልኝ ከወንበሬ ብድግ አልኩ። ስምንት ጥቃቅን ጽሑፍና አንድ ትልቅ ርዕስ፤ ብዙ አይደለም፣ የሚከብድም አይደለም። አንዴ እጃቸውን ቢያፍታቱ ይቀጥላሉ ብዬ አሰብኩ። አስጻፊ አይደል የሚሉት? ይኸው አስጻፊ፣ ልጃቸው።

ወፍራም ወረቀት ቆርጬ የስሞቹን ዝርዝር አስቀመጥኩላቸው። አባቴ ጥቅሉን ከአልጋ ሥር ሲያወጡ እንባዬ መጣ፤ እንዳያዩኝ ወደ ጓዳ ገባሁ። ስመለስ ወረቀቱን በጣታቸው እየዳሰሱ «ይኸ ቀለም ይጠጣል» እያሉ ያማርራሉ። ማማረራቸው ራሱ ደስ አለኝ። ከዚያ ዝርዝሩን አነሱ።

«ይኸ ማነው?»

«እንግሊዝ ነው፤ አገር አሳሽ።»

«ተራራው የሱ ነው?»

«የሱ አይደለም አባባ፤ ስሙ ነው የተሰጠው።»

«ይኸኛውስ?»

«እሱም አሳሽ ነው። እሱ እንኳን ተራራውን አላየውም።»

አባቴ መነጽራቸውን አወለቁና አዩኝ። «ላላየው ሰጡት?»

«አዎ፣ ለክብሩ።»

ወደ ከፍተኛው ጫፍ ደረስን። የጣሊያን ንግሥት ስም ነው አልኳቸው። ጣሊያን እዚያም ነበር ወይ አሉኝ። አልነበረም፤ አንድ የንጉሥ ዘመድ መስፍን ሊወጣው ሄዶ፣ ከፍተኛውን ጫፍ ለራሱ አገር ንግሥት፣ ሁለተኛውን ለእንግሊዝ ንግሥት ሰጣቸው አልኳቸው።

«ለሰጭውስ ማን ሰጠው?»

«አባባ፣ ቀኑ እየሄደ ነው።»

«ግርጌው ያሉት ሰዎችስ? እነሱ ምን ይሉታል?»

«መጽሐፉ አይልም።»

«አልጠየቅሽም?»

«ማንን ልጠይቅ? ዛየር ድረስ በታንኳ ልሂድ?»

ቀጥለው ደግሞ ርዕሱን አነሱ። ሩዌንዞሪ የሚለውን የአገሩ ሰው የሚጠራበት ነው ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሥሩ «ወይም የጨረቃ ተራሮች» የሚል አለ፤ ጥንት የዓባይ ምንጭ በዚያ ነው ብለው ስላሰቡ የሰጡት ስም ነው አልኩ። ይህን ባልተናገርኩ ይሻለኝ ነበር። አባቴ ግሽ ዓባይ ሦስት ጊዜ ወርደው ጠበሉን ጠጥተዋል። ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ ብዬ ሁለቱን ለመለየት ብዙ ሰዓት ሄደብኝ፤ የክፍል ተማሪ ቢሆኑ አስወጣቸው ነበር። በመጨረሻ «እሱንስ ይሁን፤ ሁለትም ይሁን» ብለው ተዉኝ። ጥዬ ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

በማግስቱ፣ የበዓሉ ዋዜማ ቀን፣ ለምሳ ስመጣ ጽሑፎቹን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ጠበቁኝ። ቀለሙ እንዳይነካካ ቀስ ብለሽ ያዥው አሉኝ። ሳልፈታው እየሮጥኩ ወሰድኩት። አዳራሹ ውስጥ ተማሪዎቼ ስፒል ይዘው ቆመዋል፤ ጨርቁን ገለጥኩ።

ርዕሱ ሳየው ልቤን ሞላው። «ሩዌንዞሪ» የሚለው ፊደል እያንዳንዱ ተገትሮ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ የብራና መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጽ መስሏል። ከዚያ ወደ ትንንሾቹ አለፍኩ። የመጀመሪያው «የ» ይላል፤ ሦስት ጣት የሚያህል ባዶ ቦታ፤ ከዚያ «ተራራ»። ሁለተኛው «የ»፣ ባዶ ቦታ፣ «ተራራ»። ስድስቱም። የሁለቱ ጫፎችም እንዲሁ፤ «የ»፣ ባዶ ቦታ፣ «ጫፍ»። መስመሩ በሥርዓቱ ተሰምሯል፣ ዳርና ዳሩ ልክ ነው፣ ስም ብቻ የለም።

ምን እንዳደረጉ ወዲያው ገባኝ፤ የሚያናድደውም ቀድሞ አለመገመቴ ነው። በጸሎት መጽሐፍ ውስጥ ጸሎቱ «ለገብርከ»፣ ለባሪያህ፣ ብሎ የባለ መጽሐፉ ስም የሚጠራበት ቦታ አለ። መጽሐፉ ሲጻፍ ባለቤቱ ካልታወቀ ጸሐፊው ያንን ቦታ ባዶ ይተወዋል። የሚገዛው ሲመጣ የክርስትና ስሙ ይገባበታል። በልጅነቴ በቤታችን ገዢ የሚጠብቁ ባዶ ቦታ ያለባቸው መጻሕፍት ተደርድረው እያየሁ ነው ያደግሁት። አባቴ የመካከለኛውን አፍሪካ ተራሮች ልክ እንደነዚያ መጻሕፍት አድርገው ጽፈውልኝ ነበር።

በእግሬ እየሮጥኩ ቤት ደረስኩ። በርጩማቸው ላይ ናቸው።

«አባባ! ስሙ የታል?»

«ባለቤቱ አልታወቀማ» አሉ በእርጋታ። «ሲታወቅ ይሞላል። ቦታውን ሰፊ አድርጌ ትቻለሁ።»

«ካርታ ነው እኮ! የጸሎት መጽሐፍ አይደለም! ነገ እንግዳ ይመጣል፤ ተራራው የማነው ሲለኝ ምን ልበለው?»

«አላውቅም በይው። ውሸት አይደለም።»

ጮህኩ። ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩ። አባቴ የሚሉት ይህን ብቻ ነው፦ ሰውየው ተራራውን አላየውም፣ ሴትየዋ አላየችውም፣ ከግርጌው የሚኖረው ሰው ምን እንደሚለው አንች አልጠየቅሽም፤ እና የማንን ስም ነው የምጽፈው? እንደገና ለማስጻፍ ጊዜም ጉልበትም አልነበረኝም። አዳራሹ ተመልሼ ባዶዎቹን እንዳሉ ሰካኋቸው። ኃላፊያችን ሲያዩት ፊታቸው ቀላ። «ነገ አንቺ ነሽ የምታስረጂው፤ እኔ የለሁበትም» አሉኝ።

በበዓሉ ጠዋት ከአውራጃው አንድ ካድሬ ከነጓዶቻቸው መጡ። የሒሳቡን ክፍል አዩ፣ የስፖርቱን አዩ፣ ወደኛ ደረሱ። ኮምፔንሳቶው ፊት ቆመው ባዶ ቦታዎቹን አንድ በአንድ አነበቡ። ኃላፊያችን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደዋል።

«ስሞቹስ?»

አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ። የነበሩት ስሞች የቅኝ ገዢዎች እንደሆኑ፣ ሕዝቡ የሚጠራበትን ስም መጽሐፉ እንደማይናገር። ሰውየው ፊታቸው በራ። «ይኼ ነው ንቃት ማለት! የኢምፔሪያሊስቶችን ስም ጠራርጎ ማውጣት!» አጨበጨቡ፤ ሁሉም አጨበጨበ። ያን ጊዜ ኃላፊያችን ሁለቱን እርምጃ ወደ ፊት ተመለሱና «በክፍላችን ተወያይተን የወሰንነው ነው ጓድ» አሉ፤ ዓይናቸውን በጨው አጥበው። ባዶውን የተዉት አባቴ መሆናቸው እንዳይወጣ ብዬ ዋጥ አደረግሁት።

በዚህ ቢያበቃ ምናለ። ሰውየው ጥቂት አሰቡና ጣታቸውን ከፍተኛው ጫፍ ላይ አኖሩ። ባዶ ማስቀረት ግን ትክክል አይደለም አሉ። የጠላት ስም ከወጣ የአብዮቱ ስም መግባት አለበት። ነገ ከክፍለ ሀገር የሚመጡ ትልልቅ እንግዶች አሉ፤ እስከዚያ በከፍተኛው ጫፍ ላይ የመሪያችን ስም ይጻፍ፤ በቀይ ቀለም ይሁን፤ የጻፈው ሰው ማነው? እጁ ግሩም ነው።

«አባቴ ናቸው» አልኩ።

«ቄስ ናቸው?»

«ጸሐፊ ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ጸሐፊ ነበሩ።»

«የት ነው የሚኖሩት?»

ተናገርኩ። አብሯቸው ያለው ወጣት በደብተሩ ላይ ጻፈው። ያ ዘመን የት ነው የሚኖሩት ተብሎ አድራሻ የሚጻፍበትን ሰው እንቅልፍ የሚነሳ ዘመን ነበር፤ የጠየቁት ለሥራው ይሁን ለሌላ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ቤት የገባሁት ገና ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ ነው። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። አባቴ ሰምተው ሰምተው «በጥቁር ልጻፈው» አሉ።

«በቀይ ነው ያሉት።»

«ቀይ የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

አውቃለሁ። በአባቴ ሙያ ቀይ ቀለም የእግዚአብሔር ስም ነው፣ የእመቤታችን ስም ነው፣ የቅዱሳን ስም ነው። ንጉሥ እንኳ ቢያስጽፋቸው ስሙን በጥቁር ነበር የሚጽፉት፤ ሌላው ጸሐፊ እንደፈለገ ያድርግ ይላሉ። ይህን ሁሉ ማወቄ የበለጠ አናደደኝ። ሰው የሚኖርበትን ዘመን እንዴት አያይም? «ቀለም ነው አባባ! ከአፈርና ከአበባ የተበጠበጠ ቀለም! ነገ መጥተው እርስዎን ቢወስዱ፣ እኔን ከሥራ ቢያባርሩ፣ ያኔ ቀዩና ጥቁሩ ምን ያደርግልናል? አንድ ስም ነው! ለኔ ሲሉ አንድ ስም መጻፍ እንዲህ ከከበደዎት እኔ ለእርስዎ ምንዎ ነኝ?»

የመጨረሻውን ባልናገረው ይሻል ነበር። አባቴ ጥቅሉን ፈቱ፣ የቀዩን ቀለም ቀንድ መሬቱ ላይ ተከሉት፣ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ሁልጊዜ ብዕር ሲያነሱ ከንፈራቸው በጸሎት ይንቀሳቀስ ነበር፤ ያን ቀን አልተንቀሳቀሰም። ስሙን ፊደል በፊደል በባዶው ቦታ ላይ አሰፈሩት። በልኩ ገባ። ከርዕሱ ይልቅ አምሮ ነበር። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ፤ ተገላገልን አልኩ።

እንግዶቹ መጡ፣ አዩ፣ ተደሰቱ። አድራሻችንን የጻፈው ወጣት አንድ ቀን መጥቶ ለአባቴ የምስጋና ወረቀት ሰጥቶ ሄደ። የጨረቃ ተራሮች ዕቃ ቤት ገብተው የዱቄት ሙጫቸውን አይጥ በላው። እኔ በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ምዕራፍ፣ እነዚያኑ ስድስት የፈረንጅ ስሞች አስተማርኩ፤ ፈተናው የሚመጣው ከመጽሐፉ ነበርና።

ክረምቱ ወጥቶ ሐይቁ ጸጥ ሲል አንድ ጠዋት ከማዶ ገዳም አንድ ሽማግሌ መነኩሴ በራችን ላይ ቆሙ። በክንዳቸው ሥር የተፋቀና የተወለወለ ብራና ታቅፈዋል። ለዓመታት ቀስ በቀስ ያጠራቀሙት እንደሆነ ነገሩን። ለገዳሙ ተአምረ ማርያም እንዲጻፍላቸው ነው የመጡት፤ አሮጌው በእርጥበት ተበላሽቶባቸዋል። እኔ ከጓዳ ሆኜ ስሰማ እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልኩ። አስጻፊ መጣ። እውነተኛው አስጻፊ።

«ለሌላ ስጡት አባ» አሉ አባቴ።

መነኩሴው ግራ ገባቸው። ሌላ ማን አለ፣ ስንት ዓመት ያወቅሁትን እጅ ትቼ ወዴት እሄዳለሁ አሉ። ለመኑ። አባቴ አንገታቸውን ደፍተው አልቻልሁም፣ ይቅር በሉኝ አሉ። መነኩሴው ውኃ ጠጡ፣ መርቀው ተነሡ፣ ብራናቸውን ታቅፈው ነፋስ ሳይነሣ ጀልባው ላይ ለመድረስ ወረዱ።

በሩ ሳይዘጋ ፈነዳሁ። ሁለት ዓመት አስጻፊ ሲመጣ አላሉም ወይ? ይኸው መጣ አይደለም ወይ? ሰው ደጅ ድረስ ሲመጣ እንዲህ ይመለሳል ወይ? አባቴ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«በየገጹ የእመቤታችን ስም አለ» አሉ። «በቀይ ነው የሚጻፈው። የሱን ስም በጻፍሁበት የሷን ልጻፍበት?»

«ቀለሙ ይደፋ! አዲስ ይበጠበጣል፤ እኔ ራሴ እበጠብጥልዎታለሁ!»

አባቴ ቀኝ እጃቸውን ከጋቢያቸው አውጥተው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉትና አዩት።

«ቀለሙስ ይበጠበጣል ልጄ» አሉ። «እጁን ከየት ታመጭልኛለሽ?»

ያንን ስም የጻፉት ለኔ ሲሉ ነበር፤ እሱን እንኳ አላነሡብኝም።